የመምህር ውበቱ በርሜል

መምህር ውበቱ ሲሞቱ ማሽናቸው አልሞተም ነበር። ሬሳቸው ተገንዞ መኝታ ቤት ተጋድሟል፤ ሴቶቹ ሳሎኑን ሞልተው ያለቅሳሉ፤ ከጓሮ ደግሞ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ይነሳና ያጓራል። ትንሽ ሠርቶ ያርፋል፤ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። በተነሳ ቁጥር ለቅሶው ቀጥ ይላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዲት አሮጊት «አሁንም ሥራ ላይ ናቸው እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። ማንም አልሳቀም። ሞተሩ ለምን እንደሚነሳ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ራሴ እንኳ ዞሬ የጓሮውን በር አየሁ።

ጎረቤቴ ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጭማቂ ቤት አለኝ። ቤቱ ከፊት ለመንገዱ ነው፤ መኖሪያዬ ከኋላ። የእኔን ጓሮ ከእሳቸው ጓሮ የሚለየው አንድ የዛገ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ወደፊት ሰገግ አድርገው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። እኔንም አስተምረውኛል። ያስተማሩኝን ትምህርት ዛሬ ብትጠይቁኝ አንድም አላስታውስም፤ የማስታውሰው ማንኳኳታቸውን ነው። ከሱቄ ሐብሐብ ሲያነሱ ያንኳኳሉ፣ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ ያንኳኳሉ፣ ሰው ሲጠሩ እንኳ ትከሻውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው ነው። «ውስጡ ምን እንዳለ ሳትጠይቂ እንዴት ትነኪያለሽ?» ይሉኝ ነበር።

ጭማቂ ቤቴን «የፍሬ መቃብር» ይሏታል። ጠዋት በበሩ ሲያልፉ ደንበኞቼ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አንች ሰብለ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀበርሽ?» ይላሉ።

«አቮካዶ አርፏል መምህር። ገብተው ለቅሶ ይድረሱ እንጂ!» እላለሁ እኔም።

ገብተው ይቀመጣሉ፤ ጭማቂ ግን አይጠጡም። አንድ ሙዝ መርጠው፣ ልጣጩን ሳይበጥሱ ቀስ ብለው ገልጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ካሸተቱ በኋላ ነው የሚበሉት። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ከእሳቸው ጋር ግን እኩል እኩል እንሰዳደብ ስለነበር ሌላው ሰው እንደተጣላን ያስብ ነበር። እንዲያ የምሰዳደበው ሰው ዛሬ የለኝም።

ነገሩ የጀመረው በመንገድ መዘጋት ነው። ሙዙ ከደቡብ በአዲስ አበባ በኩል ይመጣል፤ ማንጎና ፓፓያው ከአባይ በረሃ፣ ከደጀን በታች ካለው ቆላ ይወጣልናል። እኛ ብርዳም ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ጎመንና ድንች እንጂ ማንጎ የምናበቅልበት አየር የለንም። ታዲያ ባለፉት ዓመታት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ አይሱዙው ፍሬውን እንደጫነ ደጀን ወይ ሉማሜ ላይ ይቆማል። ሙዝ ደግሞ መንገድ መዘጋቱን አያውቅም፤ በያለበት ይበስላል። ሲደርሰን የማወርደው ሙዝ ሳይሆን ጥቁር ውሃ ነበር። አንድ ቀን ያንን ከጓሮ ስደፋ መምህሩ በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝና ዞረው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ክምሩ አጠገብ ቆሙ።

«ሞቶ እንዳይመስልሽ የበሰበሰው» አሉኝ። «በሕይወት ስላለ ነው። ፍሬ ከዛፉ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ያ ሽታ ራሱንም ጎረቤቱንም ያበስላል። ትንፋሹን ቀስ ብታደርጊለት ይቆይሽ ነበር።»

«በምን ቀስ ላድርግለት? ፍሪጅ እንዳልገዛ መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ነው የሚውለው።»

«ሙዝ ብርድ አይወድም፤ ይጠቁርብሻል። በግፊት ነው እንጂ።» እጃቸውን ጨብጠው አሳዩኝ። «አየሩን ጠቅጥቀሽ ብታስጨንቂበት ትንፋሹ ያጥረዋል። የታሸገ አየር ደግሞ መብራት ስለጠፋ ወዲያው አይሄድም።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ፈት የነበሩት ሰው ሥራ አገኙ። ከተዘጋ ጎሚስታ ቤት የትልቅ ኮምፕረሰር በርሜል ከነሞተሩ አመጡ። ብየዳ ቤት ወስደው በር አስወጡለት፤ የበሩን ዙሪያ የከባድ መኪና ጎማ ላስቲክ አለበሱና በወፋፍራም ብሎኖች አሰሩት። ከላይ የግፊት መለኪያ፣ ከጎን ደግሞ አየሩን የሚያስተነፍስ ትንሽ ቧንቧ አለው። ግፊቱ ሲወርድ ሞተሩ በራሱ ተነስቶ ይሞላል፤ ሲሞላ ያርፋል። የሰፈሩ ሰው በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት የእድራችን ዳኛ፣ አናጢው ጋሽ ሞላ፣ ገና በሩን ሳይገቡ ጮኹ።

«አንቱ ሰውየ! ይሄ ቦምብ ነው! ሰፈሩን ልታቃጥሉት ነው?»

«አትፍራ ሞላ። ከፈነዳ መጀመሪያ የምትቀብረው እኔን ነው» አሏቸው መምህሩ።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከማድ ቤት ሆነው ሳቃቸውን ለቀቁት። የበረሃ ልጅ ናቸው፤ ሳቃቸው ሁለት ቤት አልፎ ይሰማል። መምህሩን እንደሳቸው የሚቀልድባቸው አልነበረም። «ሰው ለሚስቱ ወርቅ ያመጣል፣ የኔው በርሜል አመጣልኝ» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራ በኔ ሙዝ ነው። አንዱን ዘለላ ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹን በርሜሉ ዋጠው፣ ግማሹን መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩት። የኔው ጠቁሮ ዝንብ ሲጠራ መምህሩ የእሳቸውን አወጡት። ያው እንደገባ አረንጓዴ ነው። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ጊዜ የሚባለው ነገር በሩ ላይ ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ።

ሁልጊዜ ግን አልተሳካላቸውም። አንድ ቀን ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ደስ ብሏቸው የማስተንፈሻውን ቧንቧ ባንዴ ከፈቱት። በርሜሉ ጆሮ እስኪደነቁር ጮኸ፤ ውሾቹ ሸሹ። ውስጡ የነበረው ፓፓያ ላዩ ደህና ነው፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ግን ገባ። ሥጋው ውሃ ሆኗል። መምህሩ ለረጅም ጊዜ አዩትና «ያስጨነቅሁትን ነገር ባንዴ ለቀቅሁት። እንዲህ ከለቀቁት ውስጡ ይፈርሳል» አሉ። ከዚያ ወዲህ በርሜሉን ሲከፍቱ ጠዋት ዱካቸውን፣ ትንሿን በርጩማ፣ ይዘው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ቧንቧውን ፀጉር ታክል ይፈቱታል፤ አየሩ እስስስ እያለ ሲወጣ ይውልና በሩ የሚከፈተው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ከዚያ እትዬ የሺ ሞቱ። በጤናቸው ውለው ነው፤ ማንም አልጠረጠረም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ህብስት። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የእናቷን መርዶ ሰምታ ተነሳች፤ መንገዱ ግን ያን ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ጎሃ ጽዮን ላይ መኪናው ተመለሰ። በነጋታው ከቀብር ስንመለስ ስልክ ደወለች። መምህሩ ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልኩን ጮክ አድርገው ነው የሚያነጋግሩት፤ ድንኳን ውስጥ የነበርን ሁሉ ሰማን።

«አባየ፣ መንገዱ ተዘግቶብኝ ነው። አባየ፣ እባክህ...»

«ሌላው በእግሩ መጥቷል።»

«ሴት ልጅ ብቻዬን በረሃውን እንዴት...»

«እናትሽን ያልቀበርሽ እኔንም አትቀብሪኝ!» አሉና ስልኩን ዘጉት።

በኛ አገር የወላጅ አፍ ቀላል ነገር አይደለም። የንስሐ አባታቸው ተነስተው «መምህር፣ ስለ እመብርሃን ቃልዎን ይመልሱ» ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን ስልኩን ኪሳቸው ከተው መሬት መሬቱን አዩ። ያ ቃል በዚያ ድንኳን ውስጥ ቀረ። እኔ ለራሴ፣ ዛሬም ድረስ፣ ስልክ ጮክ ብሎ ሲያወራ ከሰማሁ ያ ቃል ነው ጆሮዬ ላይ የሚመጣው።

አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በተከታዩ የማንጎ ወቅት የእትዬ የሺ ወንድም ከበረሃው አንድ ቅርጫት ማንጎ ይዞ መጣ። እትዬ የሺ ሲወለዱ አባታቸው የተከሉት ዛፍ ነበር፤ በየዓመቱ ከሱ ይመጣላቸዋል። ማንጎው ትንንሽ ነው፣ ሥጋው ቃጫ ይበዛዋል፣ ለኔ ሥራ አይሆንም። ሲበስል ግን ሽታው ቤቱን ሞልቶ በአጥር ወደኔ ይሻገር ነበር። ህብስት ያደገችው ያንን እየበላች ነው።

«ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ ወንድምየው። «ነጭ ተባይ ወሮታል። ከእንግዲህ አያፈራም፤ ልቆርጠው ነው።»

መምህሩ ቅርጫቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ማንጎዎቹን አንድ በአንድ አንኳኩ። ያኔ ገና ጥሬ ነበሩ። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ የነበረውን የኔን ሙዝ በሙሉ አወጡና እነሱን አስገቡ።

«መምህር፣ ሙዜስ?»

«ሙዝ ሌላ ይመጣልሻል» አሉኝ፤ ብሎኑን እያጠበቁ።

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርሜሉ ለሌላ ነገር አልተከፈተም። ሞተሩ ሲነሳ ካሉበት ተነስተው ይሄዳሉ፤ ብረቱን ኳ ኳ አድርገው «ቤቶች!» ይላሉ፣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚጣራው። መጀመሪያ ስሰማ በሳቅ ፈረስኩ። ኋላ ግን እያደር አላስቀኝ አለ። «ቤቶች!» ይላሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ማንም አይመልስላቸውም፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእግር የሚረገጥ የጎማ መንፊያ አምጥተው ይረግጣሉ፣ በረገጡ ቁጥር «እግዚኦ» እያሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ላብ በላብ ሆነው ሳይ አንጀቴን በሉት።

«ለምን አይደውሉላትም?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ በአጥሩ ቀዳዳ።

«ምን ብዬ?»

«ይቅር በይኝ ብለው ነዋ!»

መለኪያውን በጣታቸው አንኳኩ። «የረገምኳት በአፌ ነው። የምመርቃት ግን በእጄ ነው፤ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ። እጄ ደግሞ አዲስ አበባ አይደርስም።»

«እንግዲያው ነይልኝ ይበሏት።»

«መምጣቱንስ በራሷ ትምጣ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ ብዙ እንዳትቆይ። ፍሬ ከልክ በላይ ካቆዩት መብሰሉን ይረሳዋል። አውጥተሽ ብታስቀምጭውም ጣዕም አያመጣም።»

«ታዲያ አሁኑኑ ይክፈቱት!»

«ሳትመጣ?» አሉኝ፤ ያበድኩ ይመስል እያዩኝ።

አላስችል ሲለኝ ተደብቄ ለህብስት ደወልኩ። «አባትሽ የእናትሽን ማንጎ አስቀምጠውልሻል» አልኳት።

«የማንጎ ጊዜ እኮ አልፏል፣ እትየ ሰብለ።»

«በርሜሉ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ነው፤ ዛፉ ተቆርጧል።»

ከኋላዋ የሆስፒታሉ ጫጫታ ይሰማኛል። «አባየ ራሱ ይደውልልኝ» አለችና ዘጋችው። የአባቷ ልጅ ናት፤ ግትርነቱን ከማንም አልተበደረችውም። እኔም አልተውኳትም፤ እየደጋገምኩ ደወልኩ፣ ለመንኩ፣ ተሳደብኩ። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና አንድ ቀን «እሺ። ፈቃድ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ እደርሳለሁ» አለችኝ።

አጥሩን እየደበደብኩ ጮኼ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ማለዳ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሲገቡ አየኋቸው። የሠርግና የፋሲካ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው መናኸሪያ ሄዱ። እዚያው ዋሉ። መንገዱ እንደገና መዘጋቱን የሰማነው ከሰዓት ነው። ሲመለሱ ኮታቸው ርሷል፤ በኔ በር ሲያልፉ አልቀለዱብኝም። ጓሮ ገብተው የበርሜሉን መለኪያ ሲያዩ ቆዩና በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

«ሰብለ፣ ድንገት እኔ ባልኖር ራሷ ትክፈተው። ቀስ ብላ። ፀሐይ ወጥታ እስክትገባ። እስክትመጣ ሞተሩ እንዳይጠፋ።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ሞተሩ ተነሳ። «ቤቶች!» የሚለውን ድምፅ ስጠብቅ አልመጣም። ሞተሩ ሠርቶ ሠርቶ አረፈ። እጄን ከሳሙናው አወጣሁ። በመንገዱ ዞሬ ሮጥኩ። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ የተኙ ይመስላሉ። ትከሻቸውን ኳ ኳ አደረግኩ። አልነቁም።

እስኪቀበሩ ድረስ ከጋሽ ሞላ ጋር ሁለት ጊዜ ተጣላሁ። የመጀመሪያው በማሽኑ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሞተር ሊያጓራ አይገባም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በኛ አገር ለቅሶ ያለበት ቤት አጠገብ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም።

«ጋሽ ሞላ፣ ኑዛዜያቸው ነው። ልጅቱ እስክትመጣ እንዳይጠፋ ብለዋል።»

«ኑዛዜ ስለ ነፍስና ስለ ቤት ይሆናል እንጂ ስለ ማንጎ ይሆናል?»

«የሳቸው በማንጎ ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ሴቶቹ ጎትተው አስቀመጡኝ።

ሁለተኛው በቀብሩ ነው። ህብስት በስልክ «መንገድ ተከፍቷል፣ እየመጣሁ ነው፤ ጎሃ ጽዮን ደርሻለሁ፤ ጠብቁኝ» ካለች በኋላ ስልኳ አልሠራ አለ። ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅናት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ካህናቱ ቆመዋል፣ ሬሳ ደግሞ ከዚያ በላይ አይቆይም። ጋሽ ሞላ ሽማግሌዎቹን አማክረው «ይነሳ» አሉ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እኔ እግር እግሩን እያለቀስኩ ሄድኩ። ደጋግሜ ወደኋላ አየሁ፤ በዚያ መንገድ ማንም አልመጣም። አፈር ሲመለስባቸው ያ ቃል ትዝ አለኝ።

ከቀብር ስንመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ጓሮው ዝም ብሏል። እየሮጥኩ ብገባ የሞተሩ ማጥፊያ ተጭኗል፤ መለኪያው ከግማሽ በታች ወርዷል። ላስቲኩ ትንሽ እንደሚያስተነፍስ መምህሩ ያውቁ ነበር፤ ሞተሩ የሚነሳውም ለዚያ ነው። ጋሽ ሞላ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ሬሳ ሲወጣ ነው ያጠፋሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ለክብሩ ብዬ። ሞተር እያጓራበት ከቤቱ ይውጣ?»

አልተሳደብኩም። መልሼ አበራሁት። ሞተሩ ሲነሳ የሰው ልጅ ከሰመመን ነቅቶ አየር እንደሚስብ ዓይነት ድምፅ አወጣ፤ ጋሽ ሞላ አማተቡ።

ህብስት ማክሰኞ ወደ እኩለ ቀን ደረሰች። ከሲታ ሆናለች፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው፤ በረሃውን በእግሯ አቋርጣለች። ሴቶቹ ሲያዩዋት ደረታቸውን እየመቱ ተነሱ። እሷ ግን አላለቀሰችም። መሀላቸው ቆማ እንግዳ ሰው ይመስል ታያቸዋለች። በዚያው ቅጽበት ሞተሩ ተነሳ።

«ምንድነው?» አለችኝ።

«አባትሽ ናቸው» አልኳት። የአባቷ ማንጎ ነው ማለቴ ነበር።

ጓሮ ወስጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ የማጥፊያውንም ነገር አልደበቅኩም። መለኪያውን እንዳየች «እንደ ሆስፒታሉ ኦክስጅን ነው» አለች፤ እጇ የለመደው ነገር ነው። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ሞተሩን አጥፍታ፣ በአባቷ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ቧንቧውን ፀጉር ታክል ፈታችው። አየሩ መውጣት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ያ ድምፅ ነበር፤ ሰው ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲለቅ የሚሰማው ዓይነት። ሳሎን ሆነው የሚያለቅሱት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው እየዞረ በጓሮ ነበር «እግዚአብሔር ያጥናሽ» የሚላት። «አባቷን ትታ በርሜል ትጠብቃለች» ይላሉ እየወጡ። «ሆስፒታል ሞት ለምዳ አንጀቷ ደርቋል» ያለችም አለች፤ እሷን በኋላ ልክ ልኳን ነግሬያታለሁ።

ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አትቀብሪኝ ብሎኝ ነበር» አለች ከመለኪያው ዐይኗን ሳታነሳ። «ይኸው አልቀበርኩትም።»

«ሊመልሱት ነበር፣ ህብስትየ።»

«ብሎሻል?»

አላሉኝም። አፌ ውስጥ ብዙ ጥሩ ጥሩ ውሸት መጣ፤ አልወጣ አለኝ። «ቅዳሜ ዕለት ፀጉራቸውን ተስተካክለው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ መናኸሪያ ሲጠብቁሽ ዋሉ» አልኳት። «ዝናብ መትቷቸው ተመለሱ።»

አንገቷን ደፋች፤ እጇ ግን ከቧንቧው አልተነሳም። እንባም አልወጣት።

በሩ የተከፈተው ፀሐይ ስትገባ ነው። ማንጎዎቹ የገቡ ዕለት እንደነበሩት ናቸው፤ ጠንካራ፣ አረንጓዴ፣ አንዱም አልተጨማደደም። የሰፈሩ ሰው ተንጋግቶ አየና ጉድ አለ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አሸተትኩ። ሽታ አልነበራቸውም። መስኮቱ ላይ ደረደርናቸው። በሠልስቱ ማግሥት ድንኳኑ ፈረሰ፣ የእድሩ ወንበርና ሳህን ተጫነ፣ ሰውም ወደየሥራው ገባ። ህብስት ቤቱን ስታጸዳ፣ የአባቷን ልብስ ስታጣጥፍ ትውላለች፤ ማንጎዎቹን እየሄደች በእጇ ጀርባ ትነካለች። ቆዳቸው ቀስ በቀስ ብጫ ሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጠራችኝ። ጋሽ ሞላም መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ ይመጣሉ። ህብስት አንዱን ማንጎ ልጣ ቆረጠችና መጀመሪያ ለኛ አጎረሰችን፤ ከዚያ ራሷ ቀመሰች።

ፍሬ መቅመስ እንጀራዬ ነው። ሥጋው ለስልሷል፣ መልኩ ያማረ ነው፤ ጣዕም ግን የለውም። ጨርሶ የለውም። ውሃ የጠጣሁ ያህል ነው።

ጋሽ ሞላ እያኘኩ ዐይን ዐይኔን አዩኝ። «ማሽኑን ያጠፋሁት ጊዜ ነው የተበላሸው?» አሉ።

«አላውቅም፣ ጋሽ ሞላ። ምናልባትም ብዙ ስለቆየ ነው።» እውነቴን ነበር። ያንን የሚያውቁት ሰው ተቀብረዋል።

ህብስት አልሰማችንም። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን አነሳች። በቢላዋ መላጡን ትታ በጥርሷ ቆዳውን እየገፈፈች፣ ጭማቂው በክርኗ እየወረደ፣ ፍሬውን እስከ አጥንቱ ትግጠዋለች። ጣዕም እንደሌለው በአፏ ታውቃለች፤ ከፊቷ ያስታውቃል። ግን አባቷ በሞተርም በእግርም፣ በመብራትም ያለመብራትም ያቆዩላት ነገር ያ ብቻ ነው፤ ምንም ልታስተርፍ አልፈለገችም። «ይበቃሻል፣ ያምሻል» ብዬ እጇን ልይዝ ስል ማንጎውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አባየ!» አለች።

ከዚያ የወጣውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም። ያን ሁሉ ቀን የት እንደነበረ እንጃ። አቅፌ ያዝኳት፤ እኔንም በለቅሶዋ ይዛኝ ሄደች። ጋሽ ሞላ ተነስተው ባርኔጣቸውን ይዘው ወጡ። ሸሹ ብዬ በልቤ ተቀየምኳቸው።

ትንሽ ቆይቶ ከመንገዱ የእድራችን ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። በመስኮቱ ብመለከት ጋሽ ሞላ ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል፤ ልጆቻቸው የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክመው በበሩ ይገባሉ። የሰፈሩ ሰው በየደጁ ብቅ ብቅ ብሎ «ማን ነው የሞተው?» ይላል።

«መምህር ውበቱ ናቸው» አሉ ጋሽ ሞላ። «ልጃቸው አሁን ነው የተረዳችው። ውጡ።»

ቀብረናቸው የለም እንዴ ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።